ለሟች ባለቤቴ አዲስ ተማሪ ስለመደባችሁለት

ለተከበሩ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ዲን፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ጸሐፊዎም ማኅተምዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ እመኛለሁ። እኔ ከደስታ ብዛት በቀር ምንም አልሆንኩም። ይህን ደስታዬን በግል ጽፌ መዝገብ ቤት ከሚቀበርብኝ፣ አገር ምድሩ ይካፈለኝ ብዬ በአደባባይ አወጣሁት። ነገር ማስረዘሜን ከወዲሁ ይቅር ይበሉኝ፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወደ ልብስ ስፌት የገባሁ ሴት ነኝና፣ አሳጥሮ መጻፍ የሚያስተምረው ክፍል ላይ አልደረስኩም።

የደስታዬ ምክንያት ይህ ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት የቀበርኩት ባለቤቴ፣ የእናንተው መምህር፣ ዘንድሮ ለአዲስ ገቢ የማስተርስ ተማሪዎች ባዘጋጃችሁት የሦስት ቀን ኦረንቴሽን ላይ ለአንዲት ተማሪ አማካሪ ሆኖ መመደቡን ሰማሁ። በቁማቸው ያሉት ባሎች ሥራ ፈተው በተጋደሙበት ዘመን፣ ያንቺው አፈር ውስጥ ሆኖ እንኳ ሥራ አላጣም ስትባል የማትደሰት ሚስት የት አለች?

እርስዎም መቼም አይረሱትም፤ ቀብሩ ላይ ተገኝተው በዚያ ፀሐይ ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ንግግር አድርገዋል። «የእሳቸውን ቦታ ማንም አይተካውም» ሲሉ ስቅስቅ ብዬ ነበር ያለቀስኩት። ለካስ ቃልዎን የሚያከብሩ ሰው ነዎት! ይኸው እስከ ዛሬ ማንም አልተካውም፣ ከዝርዝሩም ማንም አልሰረዘውም።

ምስጋናዬን እንግዲህ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ኦረንቴሽኑ ጥራት። የተመደበችለት ተማሪ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ ስታስተምር ኖራ፣ ሥራዋን ለቃ፣ ሴት ልጇን ለእህቷ አደራ ሰጥታ የመጣች። በመጀመሪያው ቀን ስለ ቤተ መጻሕፍት፣ በሁለተኛው ስለ ምንጭ አጠቃቀስ የተማሩት ሁሉ ደግ ነው። በሦስተኛው ቀን ግን የኦረንቴሽኑ አስተባባሪ፣ አማካሪ እንዴት እንደሚቀረብ አስተማሯቸው፦ አማካሪ በስልክ አይጨቀጨቅም፣ በሩ ሁለቴ አይንኳኳም፤ የተመራማሪ የመጀመሪያ ፈተናው ትዕግሥት ነውና ደጁ ላይ ጠብቁ፣ ራሱ ይጠራችኋል። ልጅቷ ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ከዚያም አራት ሳምንት ሙሉ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከባለቤቴ ቢሮ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ድንገት ብቅ ካሉ እያለች ምሳዋንም እዚያው በላች። ክቡር ሆይ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር ብዙ አምሽቶብኝ ያውቃል፤ እንደ እሷ ግን ጠብቄው አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ስለ ንጽሕናችሁ። በሩ ላይ ያለው የናስ ስም ሰሌዳ ዛሬም ቦግ ብሎ ያበራል። የጽዳት ሠራተኛዋ ተዪው ያላት የለምና በየጠዋቱ ትወለውለዋለች። ይህቺው ሴትዮ፣ ልጅቷ ካግዳሚው አልነቀል ስትላት የሟች ዘመድ መሰለቻት። በአምስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠጋ ብላ፣ «እግዜር ያጥናሽ እህቴ፣ ኧረ ሐዘን እንዲህ አይያዝም» አለቻት። ልጅቷ ክው አለች። እየሮጠች ወጥታ እናቷ ዘንድ ደወለች፤ «እማዬ፣ ማን ሞቶ ነው የደበቃችሁኝ?» ብትላት፣ እናት «ምን ያለሽ ሟርተኛ ነሽ በጠዋቱ!» ብላ ወረደችባት። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ስም እየጠራች አስቆጥራ፣ ሁሉም ደህና መሆኑን ስታረጋግጥ ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ተመልሳ «ታዲያ የሞተው ማነው?» አለቻት። ሴትዮዋ በመወልወያ ጨርቋ ሰሌዳውን አሳየቻት። ከግቢያችሁ ሠራተኛ ሁሉ አማካሪው መሞቱን ለተማሪዋ የነገረች እሷ ብቻ ናትና፣ የመጪውን ዓመት ኦረንቴሽን እሷ ብትመራው ብዬ በትሕትና እጠቁማለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄያችሁ፤ ይሄ እንኳ ለብቻው ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። አማካሪ የፈረመበት ቅጽ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ያው የዚያ ሳምንት ዓርብ ነበር። ልጅቷ አስተባባሪው ዘንድ ሄደች። ኮምፒውተራቸውን አይተው «አሉ እኮ» አሏት። «ሞተዋል ጌታዬ» ስትል «ሊሆን ይችላል፤ ሲስተሙ ላይ ግን አሉ፤ ሞተዋል ከተባለ ቤተሰብ ማስረጃ ያምጣ» አሏት።

ማክሰኞ ጠዋት ዚፕ እየተከልኩ በሬ ተንኳኳ። አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ዝም። ብከፍት አንዲት ሴት ቅጽ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ነገሩን እስክትነግረኝ ሻዩ ቀዘቀዘ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ከሰልስቱ ወዲህ እሱን ብሎ ደጄን የረገጠ ከዩኒቨርሲቲው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ረቡዕ የሞት ማስረጃውን ኮፒ ይዘን መጣን፤ ዋናው ካልሆነ አይሆንም ተባልን። ዋናውን ያኔ ያስረከብኩት ከአስተባባሪው ጋር ግድግዳ ለሚጋራው ለሠራተኛ አስተዳደር ነው። ሐሙስ እዚያ ስንሄድ ፋይሉ እንዲወጣ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ይጻፍ አሉን፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ መዝገባቸውን ገልጠው «እሳቸው እኮ ረጅም ፈቃድ ላይ ናቸው» አሉን። በዚህስ አልተከራከርኳቸውም። ዓርብ በሩ ሁሉ ዝግ ነበር፤ ለካስ አዳራሽ ገብታችሁ ኦረንቴሽኑን እየገመገማችሁ ነው። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ ግድግዳው ላይ «የተማሪዎች እርካታ 94 በመቶ» ይላል። እሰይ! እንኳን ደስ አላችሁ። እርካታውን የጠየቃችኋት በሦስተኛው ቀን ማታ፣ አግዳሚውን ሳታየው መሆኑን ነግራኛለች።

ሰኞ ስሟ ከተሰናባቾች ጋር ተለጠፈ፤ ምክንያት፦ «አማካሪዋን በወቅቱ ባለማግኘቷ»። ክቡር ሆይ፣ እሱን የምታገኝበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ እግዜር ያርቅላት።

አሁን ሳቁን ላቁም። የይግባኝ ቅጹም የአማካሪ አስተያየት ይጠይቃል። ያንን ቦታ ክፍት ትተን አስገብተነዋል፤ እስከሚመጣው ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። የድሮ ትምህርት ቤቷ በእሷ ቦታ ሌላ መምህር ቀጥሯል። የምትመለስበት የለም። እኔ ዘንድ፣ የባለቤቴ መጽሐፍ ክፍል ውስጥ ታድራለች፤ ልጇ ደውላ ትምህርት እንዴት ነው ስትላት «ጥሩ ነው» ትላለች፣ እኔም መርፌዬ ላይ አቀረቅራለሁ። የምለምነው ብዙ አይደለም፦ አንድ የሚተነፍስ አማካሪ፣ አንድ የእርስዎ ፊርማ።

ለሕያውም ለሟችም እኩል ለሚደክመው ጽሕፈት ቤትዎ ዕድሜና ጤና እየለመንኩ፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

በእናንተ መዝገብ ባለትዳር፣ በራሴ ግን ባሏ የሞተባት፣
ታዛዥዎ የአማካሪው ሚስት

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፣
ሲስተሙ ላይ

ፖስታውን ሳላሽገው የደረሰ፦ ዛሬ ጠዋት ከጽሕፈት ቤትዎ በባለቤቴ ስም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። የተመደበችለትን ተማሪ ሳያነጋግር የቀረበትን ምክንያት በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይላል። ምክንያቱን እርስዎ ያውቁታል፣ ከአፈሩም ጨብጠው መልሰዋል። ያሰባችሁለትን ሦስት ቀን ግን እሱ አይፈልገውምና ለልጅቷ ስጡልኝ።