ሰባተኛው ጥያቄ

ማክሰኞ

ዜሮ! ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ዜሮ ተሰጠኝ። «አራቱም ጎኖቹ 5 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ አራት ጎን ቅርጽ ስፋቱ ስንት ነው?» ይላል። ሁሉም 25 ብለው ጻፉ። እኔ «ማዕዘኑ ስላልተሰጠ አይታወቅም» አልኩ። ካሬ ነው ያለው ማነው? የተጋደመ ሮምበስ ቢሆንስ? በዚችው አንድ ነጥብ አራተኛ ወጣሁ። ለከተማው የጂኦሜትሪ ውድድር የሚያልፉት ሦስት ናቸው። ሦስተኛዋ ደግሞ ቤቲ፣ የገዛ ጓደኛዬ።

እናቴ ታይዋን ገበያ ያለውን ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ነገርኳት። «አቦ ተይው ሐናን! ለአንድ ነጥብ ከአስተማሪ ጋር ትጣያለሽ?»

አልተወውም።

ረቡዕ

ከካርቶን አራት እኩል ቁራጭ ቆርጬ ጫፍ ለጫፍ በስፒል አያያዝኩ። ቀጥ ሲል ካሬ ነው። ገፋ ሳደርገው ይጋደማል፤ ጎኖቹ ያው ናቸው፣ ስፋቱ ግን ይጠባል። ለሒሳብ መምህራችን ለመምህር ጫላ ወስጄ ሰጠኋቸው። ገፉት፣ መለሱት።

«ልክ ነሽ» አሉ ቀስ ብለው። «ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ግን ውጤቱ ተለጥፏል። ቤቲን ምን ልበላት?»

«የተለጠፈ ይነቀላል፣ ቲቸር። ለቤቲ እኔ እነግራታለሁ።»



ሐሙስ

ከቤቲ ጋር የደቻቱን ድልድይ ስንሻገር ነገርኳት። ቆመች።

«ለራስሽ ብለሽ ነው!»

«አዎ፣ ለራሴም ነው።» ምን ብዬ ልዋሽ?

«ቤት አልፌያለሁ ብያለሁ እኮ!» ጥላኝ ሄደች። ስደውል አታነሳም።

ብታኮርፍም ጥያቄው ስህተት ነው። እኔም ባለቅስ ስህተት ነው።

ዓርብ

ዝርዝሩ ተነቀለ! ሰባተኛው ጥያቄ ተሰርዟል፣ ለማንም ነጥብ የለውም። ስለዚህ ቤቲና እኔ እኩል ሆንን፤ ነገ ለሁለታችን ብቻ ሌላ ፈተና አለ። በትክክል መልሼ ነጥቡን ማጣቴ አንገበገበኝ። ይህንንም ሄጄ ለመምህር ጫላ ተናገርኩ። «ሐናን፣ አሁንስ ይብቃሽ» አሉኝ።

ክፍል ውስጥ አንዱ «ጠበቃዋ መጣች» ብሎ አሳቀብኝ። ይሳቁ። ቤቲ ግን ከአጠገቤ ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ ነው የከበደኝ።

ቅዳሜ

አምስት ጥያቄ። ትራፔዚየሙ ቀላል ነበር። አራተኛው ላይ «የአንድ ባለ አራት ጎን ቅርጽ ዲያጎናሎች 8 እና 6 ናቸው፤ ስፋቱን ፈልጉ» ይላል። ገና እያነበብኩ ሳለ ቤቲ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ በስንት ዲግሪ ነው የሚቋረጡት? አልተጻፈም!»

መምህር ጫላ ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ሳቃቸው መጣ። «ዘጠና በሉበት። ሁለታችሁም ልትገድሉኝ ነው።»

ሃያ አራት። እሷም እንደዚያ ነው የጻፈችው። ይህን የነገረችኝ ስንወጣ ነው፤ ሌላም ብዙ አወራች።

አባቴ በባጃጁ ሊወስደን መጣ። «እህ፣ የትኛችሁ አለፈች?»

«ሰኞ ይለጠፋል!» አልነው፣ ሁለታችንም እኩል።