ሳይቀዳ የቀረው ስም

ውድ አታ፣

ከብቱም ነፍሱም ደህና ነው? ሣሩስ በልኩ በቀለ? እናታችን አፓ ጉልበታቸው እንዴት ሆነላቸው? እኛ እዚህ ቢሽኬክ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ብቻ ሊገድለን ነው። ባሌ፣ ልጅዎ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ተራራው ግጦሽ፣ ስለ ጃይሎ ንፋስ ሲያወራ ይውላል፤ ዕቃ ማጠብ ሲመጣ ግን ዝም ይላል።

እዚያ ተራራ ላይ ኔትወርክ የለምና ነው ደብዳቤ የምጽፈው። እውነቱን ልንገርዎት ግን፣ ኔትወርክ ቢኖርም በስልክ አልነግርዎትም ነበር። በስልክ ከእርስዎ ጋር ሳወራ "እሺ አታ" ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም። ወረቀት ላይ ይሻለኛል።

ስለዚያ ቀን ነው። መንጋው ወደ ጃይሎ ከመውጣቱ በፊት፣ ኮችኮር መንደር በረቱ ደጃፍ ላይ፣ እረኛው ሁሉ በተሰበሰበበት የስልክ መተግበሪያዬ ያዋረደኝ ቀን። እኔን ብቻ ቢያዋርደኝ ግድ አልነበረኝም። "በጎቹን ቀለም መቀባቱ ይቅር፣ ምራቴ የምትሠራው ነገር አለ" ብለው ዋስ የሆኑልኝ እርስዎ ነበሩ።

ነገሩን ስጀምረው ለእርስዎና ለታሽታንቤክ ብዬ እንደሆነ ያውቃሉ? ባለፈው መኸር መንጋው ሲወርድ በጎቹ ተደባለቁ፣ ዝናቡ ቀለሙን አጥቦት ነበር፣ ለጥቂት ጠቦቶች ብላችሁ የልጅነት ጓደኛሞች ተኳረፋችሁ። ከዚያ ወዲህ አንዳችሁ የሌላችሁን ሻይ አልቀመሳችሁም። አፓ ያን ሰሞን ሁለት ሲኒ ያወጡና አንዱን ይመልሱት ነበር። እኔም አየሁና አንጀቴን በላኝ።

ለዚህ ነው በየበጉ ጆሮ ላይ መለያ እናድርግ፣ ስልክ በካሜራው ያንብበው ያልኩት። ፀሐይ ላይ ስክሪን አይታይም፣ መነጽር ሁልጊዜ ቤት ይረሳል፣ እጅ በግ ይዟል። ስለዚህ ስልኩ የባለቤቱን ስም ጮክ ብሎ ይጥራ አልን።

በብርዱ ወራት እናንተ ጋ ተቀምጬ ስሠራ፣ እርስዎ ኩሩትዎን፣ ያን የደረቀ እርጎ፣ አፍዎ ውስጥ እያገላበጡ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር።

"ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትጽፊው?"

"እየጻፍኩ አይደለም አታ፣ እየጫንኩ ነው።"

እንዲያ ስልዎት ደስ አለዎት። መጫን ያውቃሉ። ሌሎች ሰዎች ሠርተው የሰጡን ዕቃዎች አሉ፣ አንዱ ካሜራውን ይከፍታል፣ አንዱ መለያውን ያነባል፣ አንዱ ድምፅ ያጫውታል፤ ሁሉም በየስማቸው መመዝገብ አለባቸው፣ እርስ በርስም መስማማት አለባቸው፣ አንዱ ሲታደስ ሌላው ያኮርፋል አልኩዎት። "እንደ ማን?" አሉኝ በጎን እያዩኝ። እኔ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተከልኩ።

መለያውን የሚያነበውን ክፍል መጀመሪያ ቀለል ይበል ብዬ፣ ስልኩ ሲከፈት ራሱ ከኔትወርክ እንዲያወርደው ትቼው ነበር። ኋላ ጭነት ሲጫን እርስዎ የሚሉት ትዝ አለኝ፣ "ተራራ ላይ ሱቅ የለም"። ከመተግበሪያው ጋር አብሮ እንዲወጣ አደረግኩት። ከበደ፣ ግን የትም ይሠራል።

አይፎን የያዙት ልጆች ጋ ደግሞ ስንሞክረው ወዲያው ድርግም አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካሜራውን ለምን እንደምፈልገው አስቀድሜ አልጻፍኩለትም፣ እሱ ደግሞ ምክንያት ሳይነገረው አያስገባም። ይህን ስነግርዎት የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

"እንግዳን ሻይ ሳያጠጣ 'ለምን መጣህ' ብሎ በር ላይ የሚጠይቅ ምን ዓይነት ባለጌ ነው?"

ድምፁን እኔው ቀዳሁ። የኮምፒውተሩ ድምፅ ስማችንን ሲጠራ ፍርድ ቤት የሚያቀርበን ይመስል ነበር። የእነ ሳድርባይን፣ የእነ ጁማሽን፣ የእነ ታሽታንቤክን ስም እየዘረዘርኩ ቀዳሁ፤ ማናቸውም የእርስዎ ዘር አይደሉም፣ ለእኔ ክልክል አይደሉም። የእርስዎ ተራ ሲደርስ ግን ተነስቼ ሻይ አፈላሁ። ምራት የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም። ስምዎ እንጨት የምንፈልጥበት ዕቃ ስም በመሆኑ፣ እኔ ከተዳርኩ ጀምሮ ያን ዕቃ "ፈላጩ" እያልኩ ነው የኖርኩት። ዝርዝሩ ውስጥ "የዚህ መንጋ ድምፅ እዚህ አለ" ብዬ ጻፍኩ፣ ድምፁን ነገ እቀዳዋለሁ አልኩ። ስሞክርም የሌሎቹን መለያ ብቻ ነበር የማስነብበው። እጄ ወደ እርስዎ አይሄድም ነበር።

እና ቀኑ ደረሰ። ታሽታንቤክ የመጀመሪያውን በግ ራሱ ጎትቶ አመጣ። "ታሽታንቤክ!" አለ ስልኩ በእኔ ድምፅ። ሰውየው ክው አለ፣ ከዚያ ፈገግታውን በጢሙ ሸፈነ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተጠሩ። በመጨረሻ የእርስዎ በግ መጣች፣ ያቺ አፍንጫዋ ጥቁር የሆነችው። ስልኩ አነበበ፣ የተመዘገበውን ድምፅ ፈለገ፣ አጣና ቀጥ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ጭራሽ ተዘጋ።

"እሰይ!" አለ ታሽታንቤክ። "ባለቤት የሌላት በግ ተገኘች። ቢላዋ አምጡ!"

በረቱ በሳቅ ተናወጠ። የግጦሽ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሽማግሌው ሳድርባይ ግን አልሳቁም። "መንጋው ሲወርድ አንድ ጊዜ ደግመን እናየዋለን" አሉ፣ "ያኔም እንዲህ ከሆነ በየቀለማችን።" በየቀለማችን ማለት በየኩርፊያችን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። እርስዎ ፈረስዎ ላይ ወጥተው ሄዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጃይሎ የምትወጡበት መኪና ሲጫን መጡና አጠገቤ ቆሙ።

"የሁሉም ሰው ስም አለ። የእኔን ማን በላው?"

አቀረቀርኩ።

"አሃ" አሉ። "አፌ አልደፈረም በይኛ።"

"እንዴት ብዬ አታ..."

"በቃ ባልሽ ይቅዳው።"

ልጅዎ ገመድ እያጠበቀ ነበር። "እኔ? አባቴን በስሙ? አለንጋው እኮ ገና ግድግዳው ላይ ነው ያለው!"

አፓም ከመኪናው ላይ ሆነው ጮኹ፦ "እኔንማ እንዳትጠይቁኝ! ይህን ሁሉ ልጅ ስወልድ 'እሳቸው' እያልኩ ኖሬ፣ አሁን ለበግ ብዬ ልጥራቸው?"

"ራስዎ ቢቀዱትስ?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ራሴን ልጣራ? አበድኩ እንዴ?" ከዚያ ድምፅዎ ለዘብ አለ። "አንቺው ጥሪው። እኔ ፈቅጃለሁ።" መዳፍዎን ዘርግተው መረቁኝ፣ መኪናው ላይ ወጡና ሄዱ።

አታ፣ ነውሩን ብቻ ፈርቼ አልነበረም። አባቴ የሞተው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ነው። "አታ"፣ አባዬ ብዬ የምጠራው ሰው ያገኘሁት እናንተ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ስምዎን የጠራሁ ዕለት እንደማንኛውም የኮችኮር ሰው የሚሆኑብኝ፣ "አታ" የሚለው ቃል ከእጄ የሚወጣ መሰለኝ። ይኸው ነው። ይህን ፊትዎ ቆሜ ልነግርዎት አልችልም፣ ቁርጥራጭ ቢያደርጉኝም አልችልም።

ትናንት ግን ቀዳሁት። በሩን ዘጋሁ፣ ሻሼን በደንብ አሰርኩ፣ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ለማይክሮፎኑ ጎንበስ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። ልጅዎ አይቶኝ ቢሆን ኖሮ እስከ አዲስ ዓመት ይስቅብኝ ነበር። መጀመሪያ ሹክሹክታ ሆነብኝ፤ በግ ሲጮህ ይህን ማን ይሰማዋል? ደግሜ ሞከርኩ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ከድንኳኑ በር ላይ ሆኜ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን እርስዎን ሻይ ደረሰ ብዬ የምጣራ አስመስዬ፣ ከደረቴ ጠራሁት። ተጣርቼም ሳበቃ፣ ለራሴም እስኪገርመኝ "አታ" የሚለው ቃል እዚያው አፌ ውስጥ ነበር። የትም አልሄደም።

ድምፁን ቦታው ላይ አስቀመጥኩት። የሁሉንም ባለቤት መለያ አስነበብኩ፣ ከሁሉም በፊት የእርስዎን። ሲም ካርዱን አውጥቼም ሞከርኩ፣ አይፎኑም ላይ ሞከርኩ። ምንም የጎደለ የለም።

አሁን አንድ ነገር እነግርዎታለሁ፣ አይቆጡኝ። መተግበሪያው ያለበትን ስልክና ይህን ደብዳቤ የምልክልዎት በታሽታንቤክ እጅ ነው። ጥርሱን ሊነቀል ቢሽኬክ መጥቶ ነበር። "ሌላ ሰው የለም?" አለኝ፣ ግን እጁን ዘረጋ። "ያቺ በግ ባለቤት አገኘች?" ብሎም ጠየቀኝ፤ በሳቅ አልነበረም። ለአፓ ዳቦ ገዝቷል፣ እኔ የላክሁት ነው ቢላችሁ እንዳታምኑት።

እንግዲህ በርዎ ላይ ሲደርስ "ለምን መጣህ?" ብለው አይጠይቁት። እርስዎ አይፎን አይደሉም። ያስገቡት፣ ከፈረስ ወተቱ፣ ከኪሚዙ ይቅዱለት፣ አፓም ሁለተኛውን ሲኒ ያውጡ።

ስምዎን እዚህ ወረቀት ላይ አልጻፍኩትም፣ ወደፊትም አልጽፈውም። በእኔ ድምፅ መስማት ከፈለጉ ያቺን አፍንጫ ጥቁር በግ ይያዙ። በግና ስልክ በአንድ ሰው እጅ አይያዝም፤ ስልኩን ታሽታንቤክ ይያዝልዎት።

ልጅዎ
ቡሩል