የመቂዋ ሞክሼዬ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ አዳማ

ዛሬ የነርስነት ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ ነበር። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ፣ «የእናትሽ ስም ማነው?» አለችኝ። ለካ መቂ የምትሠራ ሌላ የሺመቤት የምትባል ነርስ አለች። የአባቷም የአያቷም ስም ከእኔ ጋር አንድ ነው። የለየን የእናቶቻችን ስም ብቻ ነው። ገረመኝ፤ በእኔ ዕድሜ የሺመቤት የምትባል ሴት አጋጥማኝ አታውቅም።

እራት ላይ አባዬን ስሜን ማን እንዳወጣልኝ ጠየቅኩት። ሹፌር ሳለ ከመቂ ሽንኩርት ሲጭን ነው የኖረው።

«እኔ ነኝ። የእናቴ ስም አይደል?»

እማዬ ጓዳ ነበረች። «መቂ ሞክሼ አለችኝ፤ እሷም ነርስ ናት» አልኩት።

የጠቀለለውን ሳይጎርስ መልሶ አስቀመጠው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነርስ ሆነች?» አለኝ።