ስለ ደከመው ተራራና ስለ ኦቦ ጆቴ ሳር

ለክቡር የተራራው ጥብቅ ክልል ሹም
ነቀምቴ

ክቡር ሆይ፣

ባለፈው ቅዳሜ ነቀምቴ አውቶቡስ ተራ፣ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ጸሐፊ ለጓደኛው «ተራራው ደክሞታል፣ ማረፍ አለበት» ሲለው ሰማሁና እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ በቅድሚያ የክቡርነትዎን፣ ቀጥሎም የተራራውን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። እኛ የአርጆ አካባቢ ሰዎች ዕድሜ ልካችንን ስንወጣውና ስንወርደው እንዲህ መታመሙን አላወቅንም ነበር።

አንደኛ፣ ወደ ከተማ የምንሻገርበትን አቋራጭ ዳርና ዳሩን ድንጋይ አስደርድረው «የሽርሽር መንገድ» ስላሰኙልን እናመሰግናለን። ለካ እስከ ዛሬ ስንሸራሸር ኖረናል፤ እህል ተሸክመን ሳይቀር።

ሁለተኛ፣ ምጥ የጠናባትን ድርቤን ጎረቤቶቿ በቃሬዛ ወደ አርጆ ክሊኒክ ሲያመጧት፣ የክልሉ ዘበኛ ጨመዳ በዚሁ የሽርሽር መንገድ በር ላይ አቁሞ ሰሌዳው «በእግር ለሚሄዱ ብቻ» እንደሚል አስረድቷቸዋል። በእርግጥም ድርቤ በእግሯ አልሄደችም። ተሸካሚዎቹ በተራራው ግርጌ ዞረው ሄዱ።

ሦስተኛ፣ የባሏ አባት ኦቦ ጆቴ በሩ እንዲከፈትላት ሊማጠኑዎት፣ ለጉብኝት ወዳረፉበት ድንኳን ሲሮጡ፣ በአገሩ ወግ እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ነበር። ሳሩን የነጩት ግን ከክልሉ ውስጥ ነው። ክቡርነትዎ ልመናውን ከመስማትዎ በፊት ሳሩን አዩ፤ ሽማግሌውም «ዕፅዋት በማጥፋት» ታሰሩ። ጨመዳ ሲወስዳቸው አንገቱን ደፍቶ፣ «አባኮ፣ ምናለ ከማዶ ነጭተው ቢመጡ» አላቸው አሉ። እሳቸውም «ልጄ፣ ቸኩዬ ነው» ብለውታል።

ሳሩ በኤግዚቢትነት መሳቢያዎ ውስጥ መቀመጡን ሰምተናል። እዚያ ከተቀመጡት ጉዳዮቻችን ሁሉ ትኩሱ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

እንግዲህ ኦቦ ጆቴ እንዲፈቱልን፣ በቃሬዛ ያለ ሕመምተኛም በተሸካሚዎቹ እግር እንደሚሄድ እንዲቆጠርልን እለምናለሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ላይ ብዕር እንጂ ሳር እንደሌለ ዘበኛዎ መጥቶ ሊመረምር ይችላል።

ከተራራው በታች፣ ከክቡርነትዎም እጅግ በታች የምገኝ፣ ለሽርሽርዎ መልካሙን ሁሉ የምመኝ፣

ዓምደሚካኤል በላይ
አርጆ፣ ጥር ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ከፊርማው በኋላ፦ ክቡርነትዎን እንዳያሳስብዎ ለማስታወቅ ያህል ነው። ድርቤን ሐሙስ ቀብረናታል። መቃብሯ ከክልሉ ውጭ ነው።