ጢሱ የወጣበት ቀዳዳ

አዋሳ፣ ሰኞ፣ ሐምሌ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ቀዳዳውን አገኘሁት። አገለግላቸው የነበሩት ሐኪም ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተዉልን ይህ የምንኖርበት፣ ቤት ሆኖ የተሠራ መኪና፣ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ በእናቴ አልጋ ላይ ያፈሳል። ከአልጋው በላይ ያለውን ጣሪያ ሦስት ጊዜ ሬንጅ ቀባሁት፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል። ፍራሹ ረጥቦ ሳሏ ስለባሰ፣ በዚህ ሳምንት ካልደረቀ ዲላ ወንድሜ ጋ እንደምልካት ነግሬያት ነበር።

ዛሬ ጠዋት እሷን ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ፣ ትንኝ ለማባረር እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል መኪናው ውስጥ አጨስኩና በሩንም መስኮቱንም ዘጋሁ። ጎረቤቴ ራሕማ ከአጥሩ ማዶ፣ "አንቺ፣ መኪናሽ ተነሳ እንዴ? ጢስ እያወጣ ነው እኮ። ለእኔም ቦታ ያዢልኝ" አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ጢሱ የሚወጣው ከፊት፣ ከሾፌሩ ወንበር በላይ ካለችው የጣሪያ መስኮት ጠርዝ ነው። ለካ ውሃው እዚያ ገብቶ፣ በቆርቆሮውና በውስጠኛው ጣውላ መካከል ተጉዞ ነው አልጋው ላይ የሚወርደው።

ራሕማ መሰላሉን ያዘችልኝ። ጠርዙን ፍቄ አደረቅሁት፤ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጬ በማስቲሽ ለጠፍኩበት፤ ዳር ዳሩን ሬንጅ ቀባሁት።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ኃይለኛ ዝናብ መጣ። አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አንድም ጠብታ አልወረደም። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ራሕማንም ይባርካት።

እናቴ ፍራሹን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ከትራሷ ሥር የተቋጠረ ልብስ አወጣችና፣ ፈትታ አንድ በአንድ ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር መልሳ ሰቀለችው። መቼ እንደቋጠረችው አላየሁም።