«ጥቅም የሌለው» ተብሎ ስለተወሰደው የገብስ ገለባዬ

ለተከበሩ የተረፈ ምርት ምርምር ፕሮጀክት አስተባባሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያልተቀቀለው ገለባ እንዲመለስልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣ ከዘመሮ ወጣ ብላ ባለች መንደር ገብስ አሳርሼ በግ አርብቼ የምኖር ባልቴት፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እየተመኘሁ ይህን ሁሉም እንዲያነበው እጽፋለሁ።

ባለፈው ጥር ባለሙያዎ አቶ ምስክር ቤቴ ድረስ መጥተው፣ ገለባ ተቀቅሎ ውሃው ከብረት ጨው ጋር ሲደባለቅ በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ እንደሚወጣው፣ ብናኙም ከሃይድሮጅን ያለ እሳት ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን መሣሪያ ሥራ እንደሚያፋጥን በትዕግሥት አስረዱኝ። ቀጥለውም ክምሬን እያዩ ምን እንደምሠራበት ጠየቁኝ። እኔም እንግዳ የቤቴን ነገር ሲወድ እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው «ኧረ ምን ይሠራል ብለው ነው፣ ይውሰዱት» አልኩ። እሳቸው «ጥቅም የሌለው» ብለው ቅጹን ሞሉ። ገለባው እስከ ክረምት የበጎቼ ቀለብ ነበር።

አንደኛ፣ አንድ ጆንያ ይወስዳሉ ብዬ ስጠብቅ አይሱዙ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ሰጥቶ መንጠቅ ነውር ሆኖብኝ ክምሩ ሲጫን ቆሜ አየሁ።

ሁለተኛ፣ በላስቲክ ታሽጎ ለተሰጠኝ የምስጋና ወረቀት አመሰግናለሁ። በጎቹ አሽትተው ተውት።

ሦስተኛ፣ በልጉ ቀረ፤ ሣር የሚባል የለም። ከአሥራ ዘጠኝ በጎች ሰባት ቀርተውኛል፤ እነሱንም ጠዋት ጠዋት ደግፌ ካላነሳኋቸው አይቆሙም። ጨንቆኛል፣ ክቡር ሆይ። ከነሱ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፤ የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኛል።

አራተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቼ፣ ገለባው ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ እንዳቀርብ ስለታዘዝኩ አመሰግናለሁ። ማስረጃዬ መራመድ ስላቃተው ይዤው ልመጣ አልቻልኩም።

ሾፌርዎ እንደነገረኝ እስካሁን የተቀቀለው ሁለት ጆንያ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው መጋዘንዎ ውስጥ ተቆልፎበታል። እሱን ይመልሱልኝ። ከፊታችን ቅዳሜ ካለፈ ግን አይድከሙ፤ የሚበላው አይኖርም።

በዓይን የማይታየውን ብናኝ ለሚያዩ ባለሙያዎችዎ ሰባት በግ ማየት እንደማይከብዳቸው በመተማመን፣ የአይሱዙዎን ድምፅ ደጄ ላይ ቆማ የምትጠብቅ፣ ጨዋነቷ ለዚህ ያበቃት አመልካችዎ፣

አማከለች ወዳጆ

ግልባጭ፦
ቅጹን ለሞሉት ለአቶ ምስክር

ማሳሰቢያ፦ ከላይ ጤና የተመኘሁልዎ ለእንግዳ የምንለውን ያህል ነው። እባክዎ እውነት መስሎዎት ቅጽ ላይ እንዳይሞሉት።