በስልክ የተሰማ መርዶ

ዓርብ፣ ኅዳር 18

ምስሩን በጊዜ ሸጬ ገባሁ፤ ሐሳቤ ግን እህቴ ጋ ነበር። ካናዳ ሄዳ የተጨነቁ ሰዎችን ማማከር ተምራ፣ ዘንድሮ ሥራ ጀምራለች። ትናንት፣ ስሟን ሳትጠራ፣ እዚያው ስለምትኖር አንዲት የስማዳ ልጅ ደውላልኝ ነበር። ልጅቱ የእናቷን ሞት በስልክ ሰምታ እስካሁን አላለቀሰችም፤ እህልም አልቀምስ ብላለች።

"ምን ይሰማሻል ስላት ዝም ትለኛለች" አለችኝ።

"ሐዘንተኛ እንዲህ ይጠየቃል? መርዶው በወጉ አልደረሳትም። የአገሯን ሰዎች ይዘሽ በማለዳ አርዷት።"

"ታውቀው የለም እንዴ፣ ጋሼ?"

"ብቻዋን ነዋ የሰማችው።"

"ቤቷ መሄድም፣ ጉዳዩን ለሰው መንገርም ክልክል ነው። ከሥራ ያባርሩኛል።"

"እንግዲያው ማን እንዲያረዳት እንደምትሻ ራሷን ጠይቂያት።"

አሁን መልእክቷ ደረሰኝ። ልጅቱ የአንዲት ያገሯን ባልቴት ስም ጠርታ፣ "እሳቸው ይምጡልኝ" ብላ አለቀሰች። እህቴም አብራት አልቅሳለች። ይህስ በደንባቸው ይፈቀድ ይሆን?